ፌንጣ አርብቶ ዶሮ መቀለብ ያዋጣል?

ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ የሚናገረው አንድ ቁጥር አለ። ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። በመኖው ውስጥ ደግሞ ኪስ የሚያራቁተው ፉርሽካው ሳይሆን ፕሮቲኑ ነው፤ ሶያው፣ የኑግ ፋጉሎው፣ የሥጋና የአጥንት ዱቄቱ። ዘይት ጨማቂው ሥራ ሲፈታ ፋጉሎ ከገበያ ይጠፋል፤ ሶያ ወደ ውጭ ሲጫን ዋጋው ይሰቀላል። ጫጩት አሳዳጊው ግን ጫጩቶቹን «ዋጋ እስኪወርድ ታገሡ» ሊላቸው አይችልም። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮቲን ካጠረው ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ የቀጨጨ ጫጩት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚሰጠው ደላሎቻችን ያውቁታል።

ታዲያ «ፕሮቲኑን ከመግዛት በቤት ውስጥ ማርባት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ አያስገርምም። ከሚጠቀሱት መልሶች አንዱ ፌንጣ ነው። የማሽላ ማሳ ላይ የምትዘልለዋን ወይም አንበጣን ማለታችን አይደለም። ማታ ማታ ከግድግዳ ሥር ሆና እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳዋን፣ ቡናማ ወይም ጥቁር መልክ ያላትን፣ ከመብረር መሮጥ የሚቀናትን ፌንጣ ነው። ይህቺ ፌንጣ በካርቶንና በሳጥን ውስጥ ትረባለች፤ ብዙ ቦታ አትፈልግም፤ ሙቀት ካገኘች በሁለት ወር ገደማ ለሚዛን ትደርሳለች።

በስልክ የሚታዩት ቪዲዮዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። ሒሳቡ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ሒሳቡን በዴሳ ላይ አስቀምጠን እንመዝነዋለን። በዴሳ ስንል የምዕራብ ሐረርጌዋን የቡና አገር ማለታችን እንዳልሆነ ለቡና ነጋዴዎቻችን እናስታውቃለን፤ ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ፣ በዳሞት ወይዴ ያለችውን ከተማ ነው። በዴሳን የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ የወላይታ ገበሬ መሬቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ በጓሮና በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ዋጋ አለው። የወላይታን ሰንጋ ስም ያስጠራውም በበረት ታስሮ፣ በእጅ እየተቀለበ መደለቡ ነው። ስለዚህ እንስሳን በቤት አስቀምጦ መቀለብ ለአካባቢው ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከበዴሳ ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ አገሩ ይሞቃል፤ ፌንጣም ሙቀት ወዳጅ ናት። ሦስተኛ፣ ሶዶ ቅርብ ናት። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮና ሠራተኛ በበዛበት ከተማ እንቁላልና ዶሮ ፈላጊ ይበዛል ብሎ መገመት ስሕተት አይመስለንም።

ሌላው ዓለም እንዴት ገባበት

ፌንጣን ለሽያጭ ማርባት አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ሀገሮች ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለዓሣ አጥማጆች ማጥመጃ ምግብ ሆና ትሸጥ ነበር። ቆይቶ ደግሞ በቤታቸው እንሽላሊት፣ እንቁራሪትና ወፍ የሚያሳድጉ ሰዎች ዋነኛ ገዢ ሆኑ። የዚያ ገበያ ገዢ ለመዝናኛው የሚከፍል ሰው ስለሆነ ፌንጣ በሕይወት እያለች በፍሬ ተቆጥራ ትሸጣለች። እንዲህ ያለው ገዢ እኛ ዘንድ የለም። የእኛ ሰው ለቤቱ እንሽላሊት ፌንጣ ሊገዛ ቀርቶ እንሽላሊቱን በመጥረጊያ ያባርረዋል።

ታይላንድ ሌላ መንገድ ሄደች። በኮን ካየን ዩኒቨርሲቲ አማካይነት እርባታው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ለገበሬው ተዋወቀ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ወደ 20,000 የሚጠጉ አርቢዎች በዓመት በአማካይ 7,500 ቶን ያህል ያመርቱ እንደነበር ተመልክቷል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በታይላንድ ፌንጣን የሚበላው ሰው ነው። ተጠብሳ፣ ቅመም ተነስንሶባት በመንገድ ዳር ትሸጣለች። የምትሸጠው በሥጋ ዋጋ እንጂ በመኖ ዋጋ አይደለም። ከአርቢዎቹ ወጪ ትልቁ ደግሞ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ከፋብሪካ የሚገዙት የዶሮ መኖ ነው። ይህቺን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ተመልሰን እንመጣባታለን።

ጎረቤታችን ኬንያም ከእኛ ቀድማለች። ናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ኢሲፔ፣ በኬንያ የተገኘ አዲስ የፌንጣ ዝርያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) መዝግቦ በስሙ አስጠርቶታል። የኬንያ የደረጃዎች መሥሪያ ቤትም ለመኖ የሚሆኑ የደረቁ ነፍሳትን ደረጃ በ2017 (እ.ኤ.አ.) አውጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከነፍሳት የተሠራ ፕሮቲን ለዶሮና ለአሳማ እንዲሰጥ የፈቀደው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከተፈቀዱት ዝርያዎች መካከል የቤት ፌንጣ አለችበት። በቻይና በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ ከሥጋ ዶሮ መኖ እስከ 15 በመቶው በፌንጣ ዱቄት ቢተካ በክብደትም ሆነ በመኖ አጠቃቀም ላይ ጉዳት እንደማያመጣ አሳይቷል። ስለዚህ «ዶሮ ፌንጣ ይስማማታል ወይ?» የሚለው ክርክር የለበትም። በግቢ የምትለቀቅ ዶሮ ፌንጣ ለማሳደድ ማንንም አላስፈቀደችም።

ሠላሳ አራት ኪሎ ገብቶ ስድስት ኪሎ ሲወጣ

አሁን ወደ ሚዛኑ እንሂድ። የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቦ፣ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር አሳድጎ ለገበሬ የሚሸጥ ሰው በዴሳ ውስጥ አለ እንበል። 100 ጫጩት ይዟል። እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ እያንዳንዷ ጫጩት ወደ 2 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ በድምሩ 2 ኩንታል ነው። ጥሩ የጫጩት መኖ 20 በመቶ ያህል ፕሮቲን ስላለው ከ2 ኩንታሉ ውስጥ 40 ኪሎው ፕሮቲን ነው። ሰውየው ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም 4 ኪሎውን፣ በፌንጣ ለመሸፈን ፈለገ።

በሕይወት ያለች ፌንጣ ከክብደቷ 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ከቀረው ደረቅ ክፍል ከ60 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ 4 ኪሎ ፕሮቲን ለማግኘት 20 ኪሎ ትኩስ ፌንጣ ያስፈልጋል፤ ሲደርቅ 6 ኪሎ ይሆናል። ሃያ ኪሎ የማይደረስበት ቁጥር አይደለም። በታይላንድ 1.2 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብሎኬት ገንዳ በአንድ ዙር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይሰጣል።

ዋናው ጥያቄ «ፌንጣዋ ራሷ ምን ትበላለች?» የሚለው ነው። በየጽሑፉ የሚጠቀሰው ቁጥር 1 ኪሎ ፌንጣ ለማግኘት 1.7 ኪሎ መኖ ይበቃል ይላል። ለበሬ ሥጋ ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ተአምር ይመስላል፤ ስብሰባ ላይ ሲነገርም ያስጨበጭባል። ነገር ግን የ1.7ቱ መኖ ጥራት ያለው የዶሮ መኖ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ለ20 ኪሎ ፌንጣ 34 ኪሎ የጫጩት መኖ ይገዛል ማለት ነው። 34 ኪሎ ደረቅ መኖ ገብቶ 6 ኪሎ ደረቅ ፌንጣ ይወጣል። በፕሮቲን ብንቆጥረው ወደ 6.8 ኪሎ አስገብተን 4 ኪሎ እናወጣለን።

ነገሩን ወደ ገበያ ቋንቋ እንመልሰው። 4 ኪሎ ፕሮቲን ማለት ወደ 10 ኪሎ የሶያ ፋጉሎ፣ ወይም ወደ 13 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ያለው ማለት ነው። እንግዲህ የዛሬውን ዋጋ የያዘ ነጋዴ ራሱ ያባዛው። የ34 ኪሎ የጫጩት መኖ ዋጋ ከ13 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ዋጋ የሚያንስበት ገበያ በወላይታም ሆነ በአዲስ አበባ ይኖራል ብለን አናምንም። የዶሮ መኖ ገዝቶ፣ ለፌንጣ ሰጥቶ፣ ፌንጣዋን መልሶ ለዶሮ መስጠት ብር ዘርዝሮ በየዝርዝሩ ኮሚሽን እንደ መክፈል ነው።

«እንግዲያው የወጥ ቤት ትርፍራፊና ገለባ እንስጣት» የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ፌንጣዎችን በልዩ ልዩ መኖ አሳደጉ። የዶሮ መኖ የበሉት ደህና አደጉ፤ ሆኖም ፕሮቲንን ወደ ሥጋ በመለወጥ ረገድ ከዶሮዋ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ብዙም ያልተዘጋጀ የከተማ የምግብ ትርፍራፊ ወይም የሰብል ተረፈ ምርት የተሰጣቸው ግን ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለሚዛን ሳይደርሱ አለቁ። ፌንጣ ማንኛውንም ነገር ትቀምሳለች፤ በማንኛውም ነገር ግን አታድግም።

በወላይታ የሚጣል ቅጠል የት አለ?

ይህ አምድ ሁሉንም ነገር አይሆንም ለማለት አልተነሳም። ሒሳቡ የሚገለበጥበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ፌንጣዋ ዶሮዋ የማትበላውን፣ በሬውም የማይሻማውን ነገር ስትበላ ነው።

ወላይታ ውስጥ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠልና የበቆሎ አገዳ አይቶ «ተረፈ ምርት» ብሎ ይመዘግባል። ባለቤቱ ግን አንዱንም አይጥለውም። ሐረጉ የሰንጋው ነው፤ እንሰቱም የሰንጋው ነው፤ አገዳው ግማሹ መኖ፣ ግማሹ ማገዶ ነው። ድልቡ ለመስቀል በሚደርስበት ወራት ለፌንጣ ሲባል ከበሬው አፍ ሐረግ የሚቀማ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሽማግሌ ይልክበታል።

የካሳቫ ነገር ግን የተለየ ነው። ካሳቫ በወላይታ በሰፊው ይተከላል፤ የሚፈለገው ሥሩ ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን ሲያናይድ የሚባለው መርዝ ስላለበት እንደ ሐረግ በእሸቱ ታጭዶ ለከብት አይቀርብም። በካምቦዲያ የተደረገና በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ ለእኛ ጆሮ የሚጥም ውጤት አለው። የአካባቢው የእርሻ ፌንጣዎች የካሳቫ ጫፍና አንድ የአረም ዓይነት ተሰጥቷቸው፣ የዶሮ መኖ ከበሉት እምብዛም የማያንስ ዕድገት አሳይተዋል። ዝርያው ከእኛዋ ፌንጣ የተለየ መሆኑን መርሳት አያስፈልግም። ቢሆንም ለበዴሳ ሰው ሊሞከር የሚገባው መንገድ ይህ ነው እንጂ የፋብሪካ መኖ አይደለም።

በዚህ መንገድ ሒሳቡ ምን እንደሚመስል እንየው። የተፈለፈለች ፌንጣ ከጉንዳን ያነሰች ስለሆነች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደቃቅ የጫጩት መኖ ያስፈልጋታል፤ የምትበላው ጥቂት ነው። ለ20 ኪሎ ፌንጣ 5 ኪሎ መኖ እንበል። የቀረው ጠውልጎ የደረቀ የካሳቫ ቅጠል ነው። አሁን 5 ኪሎ መኖ ከ13 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ጋር ሊወዳደር ነው። ይህ ሌላ ወሬ ነው።

ነገር ግን ቅጠሉ በእግሩ አይመጣም። ለቃሚው፣ አድራቂው፣ ውኃ ቀያሪው በቀን 1 ሰዓት ቢያጠፋ በ56 ቀን 56 ሰዓት ነው፤ ይህም የ7 ቀን የሥራ ደመወዝ ነው። በቅጥር ሰው የሚሠራ ከሆነ ትርፉ እዚያው ያልቃል። ጓሮው ውስጥ ካሳቫ ያለው፣ ከቤቱ የማይርቅ ቤተሰብ ግን ሰዓቱን በሌላ ሥራ ጣልቃ ያገኘዋል። ደግሞም አንድ ሳጥን የሚጠብቅ ሰው አምስት ሳጥን ለመጠበቅ አምስት እጥፍ ሰዓት አያስፈልገውም። ስለዚህ ሥራው ለጓሮ ሰው ያዋጣል፤ ለባለ ሀብት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ ነገሩ በተቃራኒው ሲሆን ስለምናይ ይህንን ማንሳታችን ነው።

ከሳጥኑ ውስጥ

አያያዙ ቀላል ነው፤ ችግሩ ቀላልነቱ ሰውን ማዘናጋቱ ላይ ነው። ሳጥኑ የእንጨትም ሆነ የፕላስቲክ ይሁን፣ የውስጠኛው ግድግዳ ላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን በሚያንሸራትት ፕላስተር ይታሸጋል፤ ፌንጣ ለስላሳ ነገር ላይ መውጣት አትችልም። ከላይ የወንፊት ሽቦ ይደረግበታል። ጨርቅ ወይም የፕላስቲክ መረብ ከሆነ በልታ ትወጣለች። ውስጡ የካርቶን የእንቁላል ትሪዎች ቀጥ ብለው ይደረደራሉ፤ መኖሪያዋ እነሱ ናቸው። ተቆልለው በአግድም ከተቀመጡ ኩሷ መሐል ላይ ተከማችቶ ይሻግታል።

ለእንቁላል፣ እርጥበት ያለው አፈር ወይም ሰጋቱራ የያዘ ትንሽ ሳሕን ይቀመጥላታል። እንስቷ ጅራት የመሰለውን መውለጃዋን አፈሩ ውስጥ ሰክታ ትጥላለች፤ አንዲቷ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትሰጣለች። ሳሕኑ በሁለትና በሦስት ቀን ወጥቶ ሙቅ ቦታ ይቀመጣል። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካገኘ በ10 ቀን ያህል ይፈለፈላል። ውኃ በሰፊ ዕቃ ከተሰጣት ሰጥማ ትሞታለች፤ ስለዚህ በረጠበ ስፖንጅ ወይም በጠጠር መሐል ይሰጣል።

ሙቀት ነገሩን ሁሉ ይወስናል። ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ትደርሳለች። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዕድገቷ ይጎተታል፤ ሁለት ወር የተባለው ሦስትና ከዚያም በላይ ይሆናል። በክረምት ሳጥኑን በአምፖል ወይም በከሰል ማሞቅ ይቻላል፤ ግን የከሰሉ ወጪ ቅድም ያወራነውን 13 ኪሎ ፋጉሎ ይበላዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ለሰውም ጠንቅ ነው። ስለዚህ ከደጋው ይልቅ ወደ ብላቴ ቆላ የሚጠጋው፣ ከክረምቱም ይልቅ ከመስቀል በኋላ ያለው በጋ ይመረጣል።

ጠላቷ ብዙ ነው። ጉንዳን አንድ ሌሊት ካገኘ ሳጥኑን ባዶ ያደርገዋል፤ የሳጥኑን እግሮች ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ይበጃል። እንሽላሊትና አይጥም አሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፍሊት ነው። ለትንኝ ወይም ለበረሮ ተብሎ በጎን ክፍል የተነፋ ፍሊት ፌንጣዎቹን ይጨርሳል። በቆላው ደግሞ የወባ መከላከያ የቤት ውስጥ ርጭት አለ። ርጭቱ ሲመጣ «ፌንጣ አለኝና ቤቴን እለፉት» ማለት ከትርፍ ይልቅ ሕመም መሸመት ስለሆነ፣ ሳጥኑ ከመጀመሪያውም ከመኖሪያ ቤቱ ተለይቶ በተሠራ ጎጆ ውስጥ መሆን አለበት። ርጭት የነካት ፌንጣም ለዶሮ አትሰጥም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን በወረረ ጊዜ «ለዶሮ ይሰብሰብ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከአውሮፕላን ኬሚካል የተረጨበትን ካልተረጨበት መለየቱ ትልቅ ፈተና ይሆን ነበር።

ዝርያውንም ማሰብ ያስፈልጋል። በዓለም ገበያ የምትታወቀው የቤት ፌንጣ ክፉ የቫይረስ በሽታ አላት። በአውሮፓ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀው ይህ በሽታ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ሰሜን አሜሪካ ገብቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፌንጣዎችን ፈጅቷል፤ ለዘመናት የቆዩ አርቢዎችን ዘግቷል። ከውጭ ዘር አስመጣለሁ የሚል ሰው የሚያስመጣው ዘሩን ብቻ ላይሆን ይችላል። በአፍሪካ በየሜዳው የምትገኘዋ ባለ ሁለት ነጥብ ጥቁር ፌንጣ ግን ይህን በሽታ በእጅጉ ትቋቋማለች፤ አያያዟም ተመሳሳይ ነው።

ለጫጩት የምትሰጠው ፌንጣ ከመሰጠቷ በፊት አንድ ቀን ያህል ቅጠል ሳትበላ ብትቆይ ይሻላል፤ በሆዷ ያለው የካሳቫ ቅጠል ይወጣል። ሌላም ጉድለት አለባት። ካልሲየም የላትም ማለት ይቻላል። ፌንጣ አለኝ ብሎ ከመኖው ውስጥ የኖራ ድንጋዩን የሚቀንስ ሰው እንቁላሉ ቅርፊቱ ስስ ይሆንበታል።

ደላላው የት ላይ ይገባል?

አንዳንድ አንባቢያችን እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት የቆዩት ይህን ለመስማት ነው። አጭሩ መልስ፣ ፌንጣው ራሱ የሚደለል ዕቃ አይደለም። ትኩሱ ሩቅ አይሄድም፤ ደረቁ ደግሞ በኩንታል ለመሰብሰብ የብዙ ቤት ምርት ይጠይቃል። አቀነባብሮ በመኖ ስም ለመሸጥም የመኖ ንግድ ፈቃድና የጥራት ቁጥጥር አለ። ለደላላው የሚገባው በፕሮቲን ያልተጎዳው፣ ክብደቱ የሞላው ጫጩት ነው። ገበያው ያለው እዚያ ነው። እሱም ቢሆን ሁዳዴ ሲገባ የአዲስ አበባ የእንቁላልና የዶሮ ዋጋ እንደሚወርድና ለፋሲካ እንደሚሰቀል ተሰልቶ ጫጩቱ የሚገባበት ወር ይመረጣል። በወላይታ የጴንጤ ምእመን ብዙ ስለሆነ የአካባቢው ገበያ በጾም እንደ ሌላው አይቀዘቅዝም፤ ሆኖም ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ የሚገዛው በአዲስ አበባ ዋጋ አስቦ ነው።

ከሁሉ በላይ ልንፈራው የሚገባ ሌላ ዓይነት ንግድ አለ። «ዘሩን ከእኔ ግዙ፤ ያረባችሁትን ሁሉ እኔው እገዛችኋለሁ» የሚለው ነው። ኬንያ ውስጥ በ2013 መጨረሻና በ2014 (እ.ኤ.አ.) የድርጭት እርባታ እንዲህ ገንኖ ነበር። እንቁላሏ መድኃኒት ነው ተባለ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ሁሉም አርቢ ሆነ። ገዢ የነበሩት ራሳቸው አዲስ አርቢዎች ስለነበሩ፣ አዲስ አርቢ ሲያልቅ ገዢም አለቀ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወላይታ ብዙ ሺህ ገበሬዎች ለባዮዲዝል ይሆናል ተብሎ ከጠባቧ ማሳቸው ላይ ቆርሰው ጉሎ ተክለዋል። ውል ነበር፤ ገዢው የውጭ ኩባንያ ነበር። ምርቱም ክፍያውም እንደተነገረው አልሆነም፤ ጉሎ ደግሞ አይበላም። ብዙዎቹ ነቅለው ወደ በቆሏቸው ተመለሱ፤ በመሐል የጠፋውን ምርት ግን የመለሰላቸው የለም። አባቶች ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ ያኔ በመጫኛ የተጣለው ገበሬው ነበር። ፌንጣ ከጉሎ የምትሻልበት አንድ ነገር ቢኖር መሬት አለመውሰዷና ውሉ ቢፈርስም የራስ ዶሮ የምትበላት መሆኗ ነው። ስለዚህ የራሱ ዶሮ የሌለው ሰው ፌንጣ እንዲያረባ አንመክርም።

ትልቅ ካፒታልም ነገሩን አላዳነውም። በፈረንሳይ የነፍሳት ፕሮቲን ለማምረት ከ500 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሰበሰበው ኢንሴክት የተባለ ኩባንያ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ጥበቃ ለመጠየቅ ተገዷል። እሱ ያረባ የነበረው ትል እንጂ ፌንጣ አልነበረም፤ ሆኖም የሚሸጠውን ከሶያና ከዓሣ ዱቄት ዋጋ ጋር ማወዳደር ነበረበት።

ቆሻሻን ወደ መኖ መለወጥ ነው ዓላማዬ የሚል ባለ ሀብት ካለ ደግሞ ፌንጣን ትቶ ብላክ ሶልጀር ፍላይ የተባለችውን ጥቁር ዝንብ ቢመለከት ይሻለዋል። የእሷ ትል የገበያ አትክልት ትርፍራፊ፣ የቡና ገፈትና ፍግ በልቶ ያድጋል፤ በ99 በመቶ አያልቅም። ከትላልቅ ከተሞች የአትክልት ተራ ጋር ሊያያዝ የሚችለው ሥራ ያ ነው። ስለ እሱ ራሱን ችሎ እንመለስበታለን።

«ዝንብና ፌንጣ የበላች ዶሮ ማን ይበላል?» የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ የአበሻ ዶሮ ከጥንት ጀምሮ በግቢው ስትጭር የምትለቅመው ይህንኑ ነው። ሰው ራሱ ፌንጣ ይብላ አልተባለም። ኦሪት ከሚዘልሉት ነፍሳት የተወሰኑትን ብትፈቅድም፣ የዮሐንስ መጥምቅን አንበጣ ሊቃውንቶቻችን የሚተረጉሙት በዕፅ ነው፤ በዚያ ክርክር ውስጥ የገበያ ገጽ አይገባም።

መሞከር ለሚፈልግ የበዴሳ ጫጩት አሳዳጊ የምንለው ይህ ነው። ከመስቀል በኋላ ሁለት እኩል ሳጥን ያዘጋጁ። ዘሩን አይግዙ፤ ማታ በባትሪ ከጓሮ ይያዙት። ሁለቱንም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በጫጩት መኖ ያቆዩ፤ ከዚያ አንዱን በዚያው ያስቀጥሉ፤ ሌላውን በደረቀ የካሳቫ ቅጠል ያድርጉት። ለእያንዳንዱ የሰጡትን መኖ ከነዋጋው፣ የለቀሙበትን ሰዓትም ሳይቀር ደብተር ላይ ይጻፉ። በ60ኛው ቀን ሁለቱንም ይመዝኑ። የካሳቫው ሳጥን ከመኖው ሳጥን ግማሽ ያህል እንኳ ካወጣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሳጥን እንጨት ይግዙ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያሉትን ፌንጣዎች ለጫጩቶቹ ይስጡ፤ ሳጥኑም ለጫጩት ማሳደጊያ ይሆናል።